የአንበሴ ጆሮ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ከሰው ቀጥሎ የሚከበረው ፈረስ ነበር። እንጅባራ ዳር፣ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ያደገ ሰው የምለው ይገባዋል። አባቴ ጠዋት ለእኛ "እንዴት አደራችሁ" ከማለቱ በፊት የፈረሱን ጀርባ ያሻሽ ነበር። ፈረሱ ካነከሰማ እህል አይቀምስም። ውሻ ግን ውሻ ነው፤ ደጅ ያድራል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ሲታመም "ይለቀዋል" ይባልና ይረሳል።

ሰባት ዓመቴ ላይ አባቴ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ሲመለስ በጋቢው ሸፍኖ አንድ ቡችላ አመጣ። ዝናብ የመታው ጋቢና ወተት ወተት ይሸት ነበር። አንበሴ አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ከእቅፌ አልወረደም። በአራተኛው ቀን አባቴ ምላጭ አወጣ።

እኛ አገር ጆሮው ያልተቆረጠ ውሻ ፈሪ ይሆናል ይባላል። ቁራጩንም ፍም ላይ ጠበስ አድርገው ለራሱ ያበሉታል፤ የገዛ ሥጋውን የቀመሰ ለሌባ አይመለስም ነው ነገሩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቡችላውን የሚያመጣው ወደ አባቴ ነበር። "አንቺን ይወድሻል፣ አንቺ ያዢው" አለኝ አባቴ። ያዝኩት። አልሸሽግም፤ አፉን ግጥም አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ግራ ጆሮው ሲቆረጥ ጩኸቱ መዳፌ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነሰና ቁራጩን ጠብሶ "አብዪው" አለኝ። አበላሁት። ርቦት ኖሮ ከጣቴ ቀምቶ ዋጠው፤ ከዚያ ጅራቱን እየቆላ እጄን ላሰኝ።

ያን ጊዜ ቡችላውን ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ ግድግዳው ጋ ተለጠፍኩ። አባቴ ለቀኙ ጆሮ እጁን ሲዘረጋ "እንግዲያው መጀመሪያ የፈረሱን ቁረጥ፤ እሱም ኃይለኛ ይሁን" አልኩት። አባትን እንዲህ መናገር እኛ ቤት በአርጩሜ ያስገርፍ ነበር። እናቴ ግን ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነው የሰማሁት፤ በተቆረጠበት ይጮኻል ያለ የለም" ስትል አባቴ ሳይወድ ሳቀ። ምላጩንም ወደ ኪሱ መለሰው።

ክረምት ነበር፤ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ቁስሉ አመረቀዘ፤ አልፎም ተላ። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥበው ነበር። ሽታው ክፍል ድረስ ስለሚከተለኝ ጓደኞቼ "የውሻ ነርስ" አሉኝ። ይበሉኝ። አንበሴ ዳነ፣ አደገ፣ ሌባ የማያስጠጋ ውሻም ሆነ። በየትኛው ጆሮው ኃይለኛ እንደሆነ ግን አባቴ ሊነግረኝ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ የማንንም ቡችላ አልቆረጠም።

አሁን አባቴ አርጅቶ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ጎረቤታችን ቡችላ በካርቶን ይዞ መጣ።

"አባቴ፣ እርስዎ ያውቁበታል ብለውኝ ነው። ጆሮዋን ይቁረጡልኝ።"

"ትቻለሁ" አለው አባቴ።

"ካልተቆረጠች ግን ትነክሳለች?"

"ሌባ ሁንና ሞክራት።"

ልጁ እየሳቀ ካርቶኑን አነሳ። እኔም ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስዶ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያስወጋት፣ በአጭር ገመድም አስሮ እንዳያውላት ነገርኩት። እሺ ብሎ ሄደ።

ያኔ ለውሻ ማዘን የልጅ ሞኝነት ነበር። ዛሬ ክትባቱም፣ ሐኪሙም አለ፤ ምላጩ ግን አሁንም ከየኪሱ አልጠፋም። እኔ በበኩሌ እስከምሞት ድረስ እከራከራለሁ፤ የሚጠብቀንን እንስሳ ማሰቃየት ጀግንነት ሆኖ አያውቅም።

ልጁ ከሄደ በኋላ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንበሴስ ያን ቀን እጅሽን ሲልስ ምሮናል፤ ውሻ ቂም አያውቅም። አንቺስ ምረሽኛል?" አለኝ።

"አባዬ፣ አንተ ቆረጥክ፤ የያዝኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘኝ።