ወደ ወደቡ ማን ይንዳ

የቬልማ ጣቶች ወፋፍራም ናቸው፤ ሥራ ሲይዙ ግን ማየት ደስ ይላል። የጉዟችን ቀን ጠዋት በረንዳዋ ላይ ተንበርክካ የሻንጣዎቻችንን እጀታ በቀይ የሹራብ ክር ትጠቀልል ነበር። ሁለቴ አዙራ ትቋጥርና ትርፉን ክር በጥርሷ ትበጥሰዋለች። ከመርከቡ ድርጅት የተላከውን የስም ወረቀት ደግሞ በስቴፕለር ታያይዝና ዝናብ እንዳያበላሸው በላዩ ላይ ፕላስተር ትለጥፍበታለች። የመጨረሻዋ ሻንጣ ላይ ስትደርስ እጆቿ ቆም አሉ።

"ይቺ ደግሞ የማናት?" አለች።

"ያንቺ ናት" አልኳት።

ሳቀችና ክሩን ሦስት ጊዜ አዞረችበት።

የምንኖረው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙ በማይርቅ የተጎታች ቤቶች ሰፈር ነው። ቬልማ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን ሰው በመርከብ ለሽርሽር ሲሄድ በአሮጌዋ ነጭ ሚኒባስ ወስዳ የምታደርሰው እሷ ናት። ሻንጣ ታወርዳለች፣ ጉንጫችንን ትስማለች፣ "ፀሐይ እንዳያቃጥላችሁ" ትላለች። ስትመለስ ከድልድዩ ማዶ ካለው ማደያ ቤንዚን ሞልታ ቤቷ ትገባለች። እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም።

በዚያ ዓመት አብራኝ ልትሄድ የነበረችው እህቴ ኒታ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ቀረች። ክፍሉ የሁለት ሰው ነበር፤ ሂሳቡም አልቋል። ለቬልማ "በእሷ ቦታ ነይ" ለማለት አፍሬ ቆየሁና በመጨረሻ ልብስ ማጠቢያው ቤት ፎጣ ስናጣጥፍ ነገርኳት። የያዘችውን ፎጣ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው።

"መስኮት አለው?" አለችኝ።

"አለው። ክብ ነው።"

ፊቷን በፎጣው ሸፈነችው።

ታዲያ በምን እንሂድ የሚለው ነገር ትልቅ ጭቅጭቅ አስነሳ። ሦስተኛዋ ተጓዥ ጎረቤታችን ቦቢ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ዝም ማለት አታውቅም።

"በስልክ ታክሲ እንጥራ" አለች ቦቢ።

"የሚልኩልሽ ትንሽ መኪና ነው። ያን ሁሉ ሻንጣ ጭንሽ ላይ ታቅፊዋለሽ?" አለቻት ቬልማ።

"እሺ፣ በሆቴሎቹ ሰርቪስ።"

"እሱማ በየሆቴሉ ደጃፍ ሰው ሲለቃቅም መርከቧ ባሃማስ ትገባለች።"

"በይ ያንቺን ሚኒባስ ወደቡ ፓርኪንግ ውስጥ እናቁማት።"

"የሳምንቱ ኪራይ ከሚኒባሷ ዋጋ ይበልጣል።"

"አንቺ ሴትዮ፣ መሪ ካልጨበጥሽ ገነትም አትገቢም አይደል?"

"ለማላውቀው ሹፌር ነፍሴን አልሰጥም፣ በቃ!" አለች ቬልማ።

በኋላ አንድ ሐሳብ ተገኘ። እሷ እስከ ወደቡ ትነዳለች፤ ከዚያ ሚኒባሷን ሃርላን ወደ ቤት ይመልሳል። ሃርላን ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ጎረቤታችን ነው። ቦቢ "ሃርላን ሲነዳ ኤሊ ጡሩምባ ትነፋበታለች" ብትልም ሌላ ሰው አልነበረንም።

ተነሳን። ቬልማ ለመርከቡ ብላ የገዛችውን አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። ሃርላን የኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ከዋናው መንገድ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው።

"ቤንዚኑ ወርዷል እኮ" አለች ቦቢ።

"ስመለስ እሞላዋለሁ" አለች ቬልማ። ማናችንም ልብ አላልንም።

ወደቡ በር ላይ ግርግር ነበር። ፖሊሱ ፊሽካ ይነፋል፣ ተሸካሚዎቹ ጋሪ ይገፋሉ። ቬልማ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ አወረደች፤ እጇን ነፃ ለማድረግ የእጅ ቦርሳዋን እኔ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው። ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝ። "ፀሐይ እንዳያቃጥላችሁ" አለች። በሩን ዘጋች፣ የሹፌር ወንበሯ ላይ ወጣች፣ ሄደች።

"ቬልማ!" አልኩ። ድምፄ ድሮም ትንሽ ነው፤ አጠገቤ የቆመው የባሕር ወፍ እንኳ ዞር አላለም።

ከተሸካሚው ጋር ስትከራከር የነበረችው ቦቢ ቀና አለች። "ወዴት ነው የምትሄደው?"

"ቤቷ" አልኳት።

ቦቢ በሳቅ ፍርስ አለች። ትከሻዬ ላይ ያለውን ቦርሳ ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። የቬልማ ስልክም ፓስፖርትም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሃርላን ደግሞ ስልክ ይዞ አይወጣም። በሩ ላይ የቆመው ልጅ "እናቶቼ፣ ልንዘጋ ነው፣ ግቡ እንጂ" አለን።

"ጓደኛችንን እየጠበቅን ነው።"

"የት ናቸው?"

"እየነዳች ነው" አለች ቦቢ፤ ልጁን ልታባብለው ወደ በሩ ተጠጋች። እኔ ቦርሳውን አቅፌ መንገዱ ዳር ቀረሁ። መርከቧን ቀና ብዬ አየሁ። ክብ መስኮቶቿ ተደርድረዋል፤ አንዱ የቬልማ ነው።

የሆነውን ኋላ ላይ ከቬልማም ከሃርላንም ሰማሁ። ቬልማ ድልድዩን ተሻግራ፣ ማደያው ገብታ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ ቱቦውን አንስታ ልትቀዳ ስትል ሃርላን ከውስጥ ባርኔጣውን ገለጥ አደረገ።

"ደረስን? መርከቧ የታለች?"

ቬልማ ቱቦውን አየች። ቀጥላ ቀሚሷን አየች። ቱቦውን መልሳ ሰቀለችና የሹፌር ወንበሯ ላይ ዘለለች።

ድልድዩ ግን ጀልባ ሊያሳልፍ መሃሉ ተከፍቶ ወደ ላይ ተነስቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከውሻው ጋር በሸራ ጀልባ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ውሻው ተኝቷል። ድልድዩ ሲወርድም የቤት መኪኖቹ ሰልፍ ንቅንቅ አልል አለ። በጎናቸው ባለው መስመር የሆቴሎቹ ሰርቪሶች ብቻ ያልፋሉ።

"ሂጂ፣ እኔ እነዳታለሁ" አለ ሃርላን።

"ፍሬኗ ያዝ ያደርጋል፤ ቀስ ብለህ ካልረገጥክ…"

"ቬልማ፣ ውረጂ!"

ሃርላን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምታው አታውቅም። ወረደች። ሮጣ ያገኘችውን ሰርቪስ በር አንኳኳች። ሹፌሯ ጸጉሯን የተሠራች ወጣት ናት።

"የየትኛው ሆቴል እንግዳ ነዎት፣ እማማ?"

"የማንም አይደለሁም። መርከቤ ልታመልጠኝ ነው።"

"ይግቡ፣ ይቀመጡ። ቀበቶ!"

መጨረሻው ወንበር ላይ ሁለት ሻንጣ መሃል ተወሽቃ ተቀመጠች። በየመታጠፊያው ቀኝ እግሯ ወለሉን ፍሬን እያስመሰለ ይረግጥ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

ሰርቪሱ ፊት ለፊቴ ቆመ። የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች አንድ በአንድ ወረዱ። ቬልማ የመጨረሻዋ ነበረች። ደረጃው ላይ ዞር ብላ ለሹፌሯ "አመሰግናለሁ፣ ደህና ዋይ" አለቻት፤ የአውቶቡሷ ልጆች ከሰዓት በኋላ ሲወርዱ ይሏት እንደነበረው። ቦርሳዋን ዘረጋሁላት።

ቦቢ በሩ ላይ ልጁን በወሬ ይዛው ነበር። "በሰርቪስ ነው የመጣሽው? አንቺ?"

"ትንሽ ትፈጥናለች" አለች ቬልማ እያለከለከች፣ "መሪ አያያዟ ግን ግሩም ነው።"

ልጁ ፓስፖርቷን አይቶ ወደ ውስጥ አሳለፈንና ከኋላችን ዘጋ።

መርከቧ ስትንቀሳቀስ ቬልማ ላይኛው ፎቅ ላይ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማ ነበር፤ ልክ እንደ መሪ። ከታች፣ ዓሣ አጥማጆች በሚያቆሙበት ዳርቻ ነጯ ሚኒባስ ቆማለች። በጠራራ ፀሐይ መብራቷ በርቷል፤ ሞተሯም አልጠፋም፣ ከኋላዋ ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሃርላን አጠገቧ ቆሞ ባርኔጣውን ያውለበልባል።

"ሃርላን! አየሽው ሃርላንን!" ቬልማ ብረቱን ለቀቀችና ሁለት እጇን አውለበለበች። አይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያ እጆቿ አየር ላይ ቀጥ አሉ።

"ቤንዚኑን አልሞላሁትም!"