ማሽላችን የተቀላቀለበት ሜዳ

ከቆቦ ወጣ ብሎ ያለውን ሜዳ ልጆቼ ኳስ ሜዳ ይሉታል። ለእኔ ግን ዛሬም የአውሮፕላን ሜዳ ነው። መጀመሪያ ማን እንደጠረገው አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹም አይስማሙበትም። እኔ የደረስሁበት በደርግ ጊዜ፣ ጦሩ ሲገለገልበት ነው። አውሮፕላኑ ስንቅ ያራግፋል፣ ቁስለኛ ይጭናል፣ ወዲያው ይነሳል። አሁን ሣር በቅሎበት ከብት ይውልበታል። በዚያ ሳልፍ እግሬ ይዘገያል።

ያን ዓመት የታጨደውን ማሽላ ያለወቅቱ ዝናብ መታው። ወቃነው፤ ካልደረቀ ግን ይሻግታል። ደጃችን ሁሉ ጭቃ ነው። የሜዳው መሬት ግን እንደ አውድማ የጠነከረ፣ ውሃ የማይዝ ነበር። ዘበኛው ሽማግሌ ወታደር አዘነልንና "ዳር ዳሩን አስጡ፤ ፊሽካ ስነፋ ግን አንስታችሁ ጥፉ" አለን። ስድስት ሴቶች ጆንያና አንሶላ ይዘን ሄድን።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር። በአስፋልቱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ወደ ዋጃ ሲያጓራ አውሮፕላን ይመስለኝና እህሌን ጠቅልዬ እሮጣለሁ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ቀልደኛ ነበረች።

"አንቺ እቱ፣ ልጅሽን አስጪና ማሽላውን እዘይው እንጂ!" ትለኛለች።

"የፈሪ እናት አታለቅስም" እላታለሁ።

"እናትሽስ አታለቅስም፤ ባልሽ ግን በረሃብ ያለቅሳል!"

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። የእነሱ ሲደርቅ፣ የእኔ እጄን ስከትበት ይሞቃል፤ መሽተትም ጀምሯል። በሦስተኛው ቀን ፊሽካ ካልሰማሁ አልነሳም ብዬ ማልሁ።

ያን ቀን አውሮፕላኑ በዞብል ተራራ በኩል ዝቅ ብሎ መጣ። ዘበኛው ውሃ ሊጠጣ ሄዶ ኖሯል። ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ሴቶቹ ግን ወደ እኔ አዩ።

"እሷ ተቀምጣ ምን አውሮፕላን አለ!" አለች ጎረቤቴ።

ፊሽካው ሲነፋ ጎማው መሬት ነክቶ ነበር። ልጄን አቅፌ ሮጥሁ። አውሮፕላኑ ሜዳው ጫፍ ላይ ሲዞር ነፋሱ አንሶላውን ሁሉ ገለበጠው። አላህም ማርያምም ጠብቀውን ሰው አልተጎዳም። የስድስት ቤት ማሽላ ግን፣ ነጩም ቀዩም፣ አንድ ላይ ተበተነ።

አውሮፕላኑ ሲሄድ ጠርገን ሰበሰብነው።

"በሉ ተካፍለን እንግባ" አለች ጎረቤቴ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን የእኔ እርጥብ እህል በየጎተራው ገብቶ የስድስት ቤት ቀለብ ሊያበላሽ ነው።

"የእኔ አልደረቀም" አልሁ። "ሁሉንም ያሻግትባችኋል።"

ጎረቤቴ ከስብስቡ አንድ እፍኝ ዘግና አሸተተችው።

"ሦስት ቀን ሙሉ ታዲያ ምን ስታደርቂ ነበር? ልጅሽን ነው?"

መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ሁሉንም እንደገና አስጥተን ሁለት ቀን ጨመርን። ሌሎቹ ሲያገላብጡ አንዳችን በተራ ከዘበኛው ጎን ቆመን ተራራውን እንጠብቅ ነበር።

ሲደርቅ የማን ስንት እንደነበር መለየት አልተቻለም። በዕድሜ የምትበልጠን ሴት "በአፍ ይከፈል" አለች፤ በየቤቱ በሚበላው ሰው ልክ ማለቷ ነው። የእኔ ልጅ ገና ስለምትጠባ አልቆጠርኋትም ነበር። ጎረቤቴ ናት በጣሳ ድርሻዋን የሰፈረችላት።

"ይቺ በእናቷ አፍ ትበላለች" አለች።

ያን ዓመት በስድስቱም ቤት ንፍሮው ነጭና ቀይ ነበር። ልጄ እግር ስታወጣ ከቤት ቤት መዞር ጀመረች፤ በእፍኟ ንፍሮ ይዛ ትመለሳለች። ማን ቤት ምን እንደበላች ካላወቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ። ንፍሮውን አይቼ ግን የማን ቤት እንደሆነ መለየት አልችልም ነበር፤ ቆይቼም መጠየቁን ተውሁት።