የቢራ ቤቱ ምድር ቤት

እናቴ ባቱ ላይ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችን። አዳማ ውስጥ ቢራውን ራሱ ጠምቆ የሚሸጥ አንድ ቤት ረዳት ጠማቂ ይፈልጋል ሲባል ዘመዶቼ «ብቅልና ጌሾ ካወቅሽ ምን ይቀርሻል?» ብለው ላኩኝ። ብዙ ይቀረኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ዋናው ጠማቂ ናቸው። የሻሸመኔ ሰው ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አዲስ ነገር ሊያሳዩኝ ሲፈልጉ «ኮቱ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ጣፋጩን ሲለቅ ያቀምሱኛል። ውሃው ተጣርቶ ከሆፕ ጋር ይፈላል። ሆፕን «የፈረንጅ ጌሾ» ነው የሚሉት። ከዚያ ይቀዘቅዝና እርሾ ተጨምሮበት ወደ ታንከር ይገባል። ሦስት ዓይነት ነበር የምንጠምቀው፤ ቢጫው፣ ከተቆላ ብቅል የሚሠራው ጥቁሩ፣ እና ደፍረስ ያለው የስንዴው። እናቴ ጥቁሩን ብትቀምሰው አሻሮው በዝቶበታል ትል ነበር።

መቅዳትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጃምቦውን አዘንብለሽ ጀምሪ፣ ሲጋመስ ቀና አድርጊው፣ ሁለት ጣት አረፋ ተይለት። ደንበኛ ግን «እኅት፣ አረፋ ነው እንዴ የምትሸጪልኝ?» ይላል። ይህን ሁሉ ወድጄው ነበር። የፈራሁት ምድር ቤቱን ብቻ ነው።

ታንከሮቹ ያሉት እዚያ ነው። ዘጠኝ የሲሚንቶ ደረጃ ወርዶ፣ መስኮት የሌለው ቀዝቃዛ ክፍል። እርሾው ጣፋጩን ሲበላ ጋዝ ይተነፍሳል። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ይተኛል። ጥግ ላይ ያለ ማራገቢያ በቱቦ እየሳበ ወደ ጓሮ ያስወጣዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ ደረጃው ላይ አስቀመጡኝና ማራገቢያውን አጠፉት። ትንሽ ቆይተው ሻማ ለኩሰው በገመድ ወደ ታች ለቀቁት። ወለሉ ጋ ሳይደርስ፣ የሰው ጉልበት በሚሆን ከፍታ ላይ፣ ነበልባሉ ድርግም አለ። ማንም እፍ ያለው የለም።

«አየሽ? ቀለም የለውም። አፍንጫሽን ቆንጠጥ ካደረገሽ ተመለሽ። ሰው ወድቆ ብታዪ እንኳ ተከትለሽ እንዳትወርጂ። የሚያወጣሽ ሰው ከላይ ይቅር።»

ከዚያ በኋላ በወረድኩ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ ነው። ማራገቢያው ድምፁን ትንሽ ከለወጠ ልቤ ይመታል። ቤቴ ተኝቼም ደረት ላይ የሚወጣ ውሃ በሕልሜ አይ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሥራዬን መልቀቅ አልፈለግኩም።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አዳራሹ የሰርግ እንግዳ ሞልቶት ድራፍት ድራፍት ይላል። እኔ ከደረጃው አፍ አጠገብ ብቅል እመዝናለሁ። መብራት ጠፋ። ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ተነሣ፤ እሱ ግን ለማእድ ቤቱና ለአዳራሹ ብቻ ነው የተዘረጋው። የማራገቢያው ድምፅ ቆመ።

ወዲያው አላሳሰበንም፣ ቶሎ ይመጣል ብለን። ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። የስንዴው ቢራ በዚያ ሳምንት በኃይል ይብላላ ነበርና ጋሼን ሙቀቱ አሳሰባቸው።

«አይቼ ልምጣ።»

«ሻማ ላምጣልዎ?»

«ስልክ አለኝ እኮ። አንድ ደቂቃ ነው።»

የስልካቸውን መብራት አብርተው ወረዱ። የስልክ መብራት ጋዝ አያጠፋውም። ይህ ያኔ ለሳቸውም ለኔም አልታየንም።

ሳል ሰማሁ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ።

«ጋሼ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስልኩ ወለል ላይ ወድቆ ጣሪያውን ያበራል። ጋሼ ሊመለሱ ሞክረው ነበር፤ እግራቸው ወለሉ ላይ፣ ጭንቅላታቸው ከታች ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ በደረታቸው ተደፍተዋል። ክንዳቸው ወደ እኔ ተዘርግቷል። እጄን ብሰድ የምደርስባቸው መሰለኝ።

ወረድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደረጃ። ጎንበስ ስል አፍንጫዬን እንደ ሚጥሚጣ ቆነጠጠኝ። በዳዴ ወደ ላይ ተመለስኩና ጮኽኩ፤ ድምፄ የራሴ አይመስልም ነበር።

አንድ አስተናጋጅ ሮጦ መጣ። ሲያያቸው ትሪውን ጥሎ ሊወርድ ሲል ሸሚዙን ከኋላ ያዝኩት።

«ልቀቂኝ! ሰውየው እየሞቱ ነው!»

«ጋዝ ነው! ብትወርድ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው!»

«ፈሪ! ቆመሽ ታዪያቸዋለሽ?»

ሸሚዙ ተቀደደ፤ አልለቀቅኩትም። ያን ቀን አንቆ የያዘኝ እውቀት ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የታሰበኝ፣ ማራገቢያው። «የማራገቢያው ሶኬት እዚህ ደረጃው አፍ ላይ ነው፤ ከማእድ ቤት የመብራት ማራዘሚያ አምጣ!» አልኩት። ሮጠ። ምግብ አብሳይዋ የፍሪጁን ሶኬት ነቅላ ማራዘሚያውን ሰካችልን፤ ገመዱ አጥሮ ሌላ ቀጠልንበት። ሶኬቱን ሁለቴ ሳትኩት። በሦስተኛው ማራገቢያው ተነሣ። አስተናጋጁ ዞሮ በጓሮ በኩል በርሜል ወደ ምድር ቤቱ የሚገባበትን መዝጊያ ከፈተ።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። አዳራሹ ውስጥ እልልታ ይሰማል። ጋሼ ይተንፍሱ አይተንፍሱ ከላይ ሆኜ መለየት አልቻልኩም፤ ጀርባቸው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። አንዴ የተንቀሳቀሱ ይመስለኛል፣ አንዴ ደግሞ ያበቃላቸው። ምግብ አብሳይዋ ከጎኔ ተንበርክካ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ሻማ በገመድ ለቀቅኩ፤ ጠፋ። ትንሽ ቆይቼ ሌላ ለቀቅኩ፤ ጋሼ ትከሻ ጋ ሲደርስ ተርገበገበ እንጂ አልጠፋም።

«አሁን» አልኩ።

የበርሜል መጎተቻውን ገመድ አስተናጋጁ ወገብ ላይ አሰርን። ትንፋሹን ይዞ ወረደ፣ በብብታቸው ገብቶ አቀፋቸው፣ እኛ ጎተትን። ላይ ስናደርሳቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጓሮ አውጥተን አስተኛናቸው። ከዚያ አንድ እንደ ማንኮራፋት ያለ ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ ሌላ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ደረጃው ላይ ማረፉ ነው ያተረፋቸው አለ፤ ወለሉ ላይ ቢወድቁ ኖሮ አይተርፉም ነበር። አሥር ቀን ተኝተው ወጡና ሻሸመኔ ገቡ።

ልጠይቃቸው እስክሄድ ወር ፈጀብኝ። ሠፈሩ ሁሉ «ደረጃው አፍ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር» ይላል ብዬ ፈርቼ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ ከሁሉም በላይ ፈርቼ። ባለቤታቸው በር ከፍተው አስገቡኝ። ጋሼ ከስተዋል፤ ቃል ይጠፋባቸዋል፤ የዚያን ቀን ነገር አንዱንም አያስታውሱም። የሆነውን ራሴ ነገርኳቸው፤ ሦስት ደረጃ ወርጄ እንደተመለስኩ፣ ሌላ ሰው እንዳይወርድ እንደከለከልኩ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

«የስንዴው ቢራ ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ደፋነው፣ ጋሼ።»

«ለምን?» ቁጣቸው የድሮው ነበር። «ቢራው ምን አጠፋ?»

ባለቤታቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

ወደ ሥራው አልተመለሱም። የቢራ ቤቱ ባለቤት ታንከሮቹን ከመሬት በላይ አወጣ፤ ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር። አሁን የምጠምቀው እኔ ነኝ። አስተናጋጁ ለረጅም ጊዜ ከሰላምታ በላይ አላናገረኝም። አንድ ቀን ጃምቦ እያቀበልኩት «ያኔ ባትይዢኝ ኖሮ ልጄን አላያትም ነበር» አለኝና ትሪውን አንሥቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። ሚስቱ በዚያ ሰሞን ነፍሰ ጡር እንደነበረች አላውቅም ነበር።