የአረንጓዴው ገንዳ ሌባ

ክሎሪን አልሰረቅኩም። ይህ በጽሑፍ እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ፤ ሌባ ተብዬ ነው ከሥራዬ የወጣሁት።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ አዲስ ሆቴል ልትዋኝ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። እሷ ልብሷን እስክትቀይር ገንዳው ዳር ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ አንድ ሠራተኛ ቁራጭ ወረቀት ውሃው ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ተመለከተ። ያን ወረቀት አውቀዋለሁ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ገንዳ ባለው ሆቴል ፎጣና አንሶላ አጥብ ነበር። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ለአጣቢ ይበቃል ይሉኝ ነበር። ግንቦት ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ ገንዳው አረንጓዴ ሆነ። ግድግዳው እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል፤ ወለሉ አይታይም። የገንዳው ኃላፊ ጋሼ ታደሰ ክሎሪን ጨመሩ፤ ባሰበት። ደግመው ጨመሩ፤ ጭራሽ ባሰበት።

«ይሄ ሁሉ ክሎሪን የት ነው የሚገባው?» አሉ የሆቴሉ ባለቤት።

ጋሼ ታደሰ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ዞር አሉ። «እስቲ ፎጣዎቹን ይመልከቷቸው። እንዲህ የነጡት በሳሙና ብቻ ነው?»

ፎጣዬ የነጣው በክንዴ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ዘበኛው ቦርሳዬን ይበረብር ጀመር። የምሳ ዕቃዬን ሳይቀር ከፍቶ የሽሮ ቅሪት ያሸታል። የተጠረጠረ ሰው ራሱም ተጠራጣሪ ይሆናል። ዘበኛውን ጠረጠርኩ፣ ወጥ ቤቷን ጠረጠርኩ፣ በመጨረሻ ክሎሪኑ ከነጭራሹ አለመገዛቱን ጠረጠርኩ።

በእረፍት ቀኔ መርካቶ ወረድኩ። መንገዱ በርበሬና የተረገጠ የሙዝ ልጣጭ ይሸታል፤ ተሸካሚዎቹ ከኋላዬ «ዞር በይ» እያሉ ይገፉኛል። ክሎሪኑን የሚሸጡልን ሐጂ ከድር የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ።

«ሐጂ፣ የገንዳችን ሰው ከእርስዎ የሚወስዱት ምንድን ነው?»

«ፖሊስ ነሽ እንዴ?»

«ሌባ ነሽ ተብያለሁ።»

«ሌባ እንዲህ አይኮሳተርም፤ ገበያ ያበላሽበታል።» ሳቁ። «ክሎሪን ይወስዳል። ደንበኛዬ ስለሆነ የልብስ ሶዳ እመርቅለታለሁ። ለአጣቢዋ ስጣት እያልኩ ነው የምሰጠው።»

«አጣቢዋ እኔ ነኝ። አንድ ማንኪያ አላየሁም።»

ሐጂ መስፈሪያውን አስቀመጡ። «እንግዲያው ገንዳው ውስጥ ገልብጦታል። ሶዳ የበዛበት ውሃ ላይ ክሎሪን ጉልበት የለውም። እስቲ ከገንዳው በጠርሙስ ውሃ አምጪልኝ።»

አመጣሁላቸው። ከመሳቢያቸው ያወጡት የመመርመሪያ ወረቀት ውሃውን ሲነካ ድብን ያለ ሰማያዊ ሆነ፤ ሶዳው በዝቷል ማለት ነው።

«አብሽሪ፣ በአሲድ ይመለሳል። በብዙ ውሃ እያቀጠናችሁ፣ ጥቂት በጥቂት። ክሎሪኑ ግን ለብቻው፣ ሌላ ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይግባ፤ ፀሐይ ትበላዋለች።»

አሲድ ሊሸጡልን ይሆናል ብዬ እሳቸውንም ጠረጠርኩ። ሆኖም ሄጄ ለጋሼ ታደሰ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምርቃት ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ለፎጣ ከሚሆን ለውሃው ይሁን ብዬ ነው» አሉ። «ለማንም አትንገሪ። ውሃው ሲጠራ ለባለቤቱ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

አመንኩ፤ ታላቅ ሰው አይዋሽም ተብዬ ነው ያደግሁት። አሲዱ ገባ፣ ክሎሪኑም ተከተለ፣ ግድግዳው በመጥረጊያ ተፈተገ፣ ፓምፑ ሲያጉረመርም ሰነበተ። በሳምንቱ የወለሉ ሸክላ አንድ በአንድ ታየ። ጋሼ ታደሰ ግን አልተናገሩም፤ የእኔም ቦርሳ መበርበሩ አልቀረም። በመጨረሻ ባለቤቱ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው።

«ውሃው የጠራው አንቺ እጅሽን ስለሰበሰብሽ ነው» አሉኝ።

ሽርጤን ፈትቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ልጆቼ «እማዬ፣ ይቅር በያቸው» ይሉኛል። ይቅር የምለውን ነገር መጀመሪያ ልወቀው እንጂ። አዲሱ ሆቴል ውስጥ ያን ወረቀት ባየሁ ማግስት ጋሼ ታደሰን ፍለጋ ወጣሁ። ሰው ጠያይቄ ራጉኤል አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ግን አወቁኝ።

«ጋሼ፣ ለምን ዝም አሉ?»

ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ።

«ዘበኛው ያንቺን ቦርሳ ሲበረብር የኔን አያይም ነበር» አሉኝ። «የሆቴሉን ሳሙናና አምፖል የማወጣው በዚያች ሰዓት ነበር።»