አትድፉና ባለጭራው ፕሮቲን

አትድፉን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣት ይህን ያህል ነው፦ ለልጇ «አሁን መጣሁ» ብላ የምትዋሸው አንድ ውሸት፣ ታክሲ ውስጥ የሚረገጥ አንድ እግር፣ ላብራቶሪ ደርሳ የሚያልቅ አንድ ሙሉ ትዕግሥት። ከሁሉም ውዱ ትዕግሥቱ ነው፤ ደረሰኝም የለውም።

አትድፉ ቅጽል ስሟ ነው። ሥራዋ ለምርምር የሚሆን የሰው ፕሮቲን በባክቴሪያ ሆድ ውስጥ ማስመረት ነው፤ ሰው የሚባለውን ፍጡር በዝና እንኳ የማያውቅ የሰው ፕሮቲን። ከባክቴሪያው ዝባዝንኬ ተለይቶ እንዲወጣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጭራ ይቀጠልለታል። ድብልቁ ኒኬል ባለው ቱቦ ሲወርድ ባለጭራው ተጣብቆ ይቀራል፣ ሌላው ያልፋል። የተጣበቀውን በኋላ በሌላ ፈሳሽ ያላቅቁታል። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል፤ ወረቀት ደግሞ መቼ ዋሽቶ ያውቃል!

እሷ ግን ያለፈውንም አትደፋም። ፕሮቲኑን ጄል በሚሉት፣ ፕሮቲኖችን በየመጠናቸው በሚለየው ዝልግልግ ነገር ላይ፣ በሰማያዊ መስመር፣ በዓይኗ እስክታየው ድረስ ጠርሙስ ይዞ ወደ ማጠቢያው የሚሄድ ሰው ካየች «አትድፉ!» ነው። አንዴ ሻዩን ሊደፋ የሄደውን ዘበኛ ሳይቀር ክው አድርጋዋለች።

ያን ሰሞን ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ሊመጡ ነበር። ፕሮቲኑን አይተው ከረኩ ፕሮጀክቱ ይቀጥላል፤ ካልረኩ ፕሮጀክቱና የአትድፉ ኮንትራት አብረው ይዘጋሉ። በዋዜማው አለቃዋ፣ ዶክተሩ፣ ፍሪጁን ከፈቱ።

«አንቺ፣ ይሄ ፍሪጅ ነው ወይስ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን?»

«ዶክተር፣ ጄሉን ሳናይ እኮ...»

«ጭራ ቀጥለንለት የለ እንዴ? ተይዟል፣ በቃ!»

«ጭራ ያለው ሁሉ የሚያዝ ቢሆን፣ ቤቴ ያለችው አይጥ እስከ ዛሬ ትንደላቀቅ ነበር?»

«እንግዶቹ ነገ የሞቀ መጠጥ ይጠጡልሽ? አጽጂው ብያለሁ!»

አጸዳችው። ያዘዙትን መፈጸም ነው እንጂ ሌላ ምን አላት? ብቻ በቱቦው ያለፈውን ፈሳሽ ባዶ የጭማቂ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ ከጥግ ወሸቀችው። ብጫ ቢጤ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም ብላ በብልሃቷ ኮራች።

ብልሃቱ ግን ትንሽ በዛ። በማግስቱ ከቱቦው የተላቀቀው ናሙና ጄሉ ላይ ባዶ ግድግዳ መሰለ፤ መስመር የሚባል ነገር የለም። ፕሮቲኑ አልተጣበቀም ማለት ነው። ካለም ያለው በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ሮጣ ፍሪጁን ስትከፍት ጠርሙሱ የለም።

ዶክተሩ በገዛ እጃቸው የእንግዶቹን መጠጥ ከፍሪጁ አውጥተው ስብሰባ ክፍል ውስጥ ደርድረዋል፤ ትሕትና የጀመራቸው ያን ቀን ነው። አትድፉ በሩን ስትበረግደው አንዱ እንግዳ የእሷን ጠርሙስ ከፍቶ ብርጭቆ ላይ አዘንብሎታል። አፏ የለመደው አንድ ቃል ብቻ ነውና «አትድፉ!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ደንግጦ ግማሹን ምንጣፉ ላይ ደፋው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ዶክተሩ ፊታቸው በርበሬ መስሎ።

«ፕሮቲኑ ነው፣ ዶክተር። የቀረው።»

እንግዶቹ ሕንፃውን ሲጎበኙ የተረፈውን ጄል ላይ አስኬደችው። ሰማያዊው መስመር አውራ ጣት አክሎ ወጣ።

«ፕሮቲኑ ሲታጠፍ ጭራውን ውስጥ ደብቆታል፤ ለዚህ ነው ቱቦው ያልያዘው» አለ ከመጠጣት የተረፈው እንግዳ ተመልሶ መስመሩን ሲያይ። «ፕሮቲኑ ካለ የጭራው ነገር ይስተካከላል። እንኳን አልደፋችሁት!»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ዘንድ ሳይረጋገጥ የሚደፋ ነገር የለም። የቤታችን ደንብ ነው።»

ፕሮጀክቱ ቀጠለ፤ ኮንትራቱም ታደሰ። አትድፉም ስለ ጭማቂው ጠርሙስ የዶክተሩን ቁጣ ጠጣች፤ እሱ እንኳ የሚገባት ነበር።

ማታ ልጇ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «እማ፣ አሁን መጣሁ ብለሽኝ!»

«ይኸው መጣሁ አይደል?»

ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፦ የምትጠጡትን ከላብራቶሪ ፍሪጅ አርቁላት። እሷም ከእንግዲህ ጠርሙሱ ላይ ትጽፋለች። ያልተጻፈበት ካገኛችሁ ግን፣ ወደ ማጠቢያው ከመሄዳችሁ በፊት እባካችሁ ጠይቋት።