የአክስቴ ጭልፋ

አክስቴ እሁድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ልጆችን ስለ ፍቅር ታስተምራለች፤ ቀትር ላይ እዚያው ለተቸገሩ ሰዎች ሾርባ ታድላለች። ደግነቷ ግን ከአንገት በላይ ነው። ስብከት ለሰማ ሰው ጭልፋውን እስከ ድስቱ ሥር ሰድዳ ሥጋና ድንች ታወጣለታለች፤ ለምግቡ ብቻ ለመጣው ከላይ ውሃውን ትቀዳለታለች። ይህንንም እንደ ጽድቅ ቆጥራ ትንጎራደዳለች።

ባለፈው እሁድ ወላጆች በተሰበሰቡበት ልጆቹን «ደግ ሰው የተራበን እንዴት ያበላል? እስቲ አሳዩን» አለቻቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ጭልፋ ይዛ ባዶ ድስት አጠገብ ቆመች። ሳህን ይዛ የቀረበችውን ጓደኛዋን «ስብከት ሰምተሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልሰማሁም።»

ልጅቷ ከላይ ከላይ ቀዳችላት። ወላጆች አንገታቸውን ደፉ።

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቴ፣ ብቻዋን እያጨበጨበች።