ድንበር ላይ የቆመችው ሞተሬ

ወገኖቼ፣ ዛሬ እዚህ ኮሎምበስ እራት እየበላሁ ሳላስበው ቬትናም ውስጥ የሞተር ሳይክል ባለቤት ሆኜ አረፍኩት!

የልጅ ልጄ ሊያ ሃኖይ ላይ አሮጌ ሞተር ገዝታ ወደ ላኦስ ልትሻገር ድንበር ደርሳለች። ሻጩ ውሉ ላይ የጻፈው ላስት ኔሟን ብቻ ነው፦ «ሚስተር ታደሰ»። ታደሰ ደግሞ እኔ አያቷ ነኝ።

የድንበሩ ፖሊስ «ሚስተሩ ካልፈቀደ ሞተሯ አታልፍም» ሲላት ቪዲዮ ኮል አደረገችኝ።

«ሚስተር ታደሰ፣ ይፈቅዳሉ?» አለኝ ፖሊሱ ስልኩን ተቀብሏት።

አያችሁ ጉድ! ወር ሙሉ «አትሂጂ» ብዬ ጉሮሮዬ ሲደርቅ የሰማኝ የለም፤ አሁን የሰው አገር ፖሊስ ያስፈቅደኛል። አገጬን ማሻሸት ጀመርኩ።

«አባባ፣ ፕሊስ!» አለች ሊያ። እንባዋ መጣ።

«ሄልሜት አለሽ?»

«አለኝ! አለኝ!»

«ትለፍ» አልኩ፣ ልክ እንደ ሚኒስትር።

እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ካለችው ደብሊን ለእራት የመጣው አባቷ ሹካውን ጣለው። «አባዬ፣ መከልከል ስትችል?!»

«በገዛ ሞተሬ አንተ ምን አገባህ?» አልኩት።

እናንተስ፣ ስማችሁን ላስት ኔም ያደረጉ ልጆች ምን ጉድ ውስጥ ከተቷችሁ? እስቲ ኮሜንት ላይ አውጡት፤ ብቻዬን አልሳቅ።